አሳይታን «ያለ ቦታዋ» ያለው ሰውዬ አዋሽ የት እንደሚያልቅ ያውቃል?

ሰሞኑን አንድ የቲቪ ውይይት ላይ የቀረበ የከተማ ፕላን ኤክስፐርት ስለ በረሃ ከተሞች ሲጠየቅ አሳይታን ብድግ አድርጎ ምሳሌ አደረጋትና፣ ከተማዋ ከጅምሩም ያለ ቦታዋ የተቆረቆረች ናት፣ የአፋር ክልል መቀመጫ ከእሷ ተነስቶ ሰመራ መሄዱም የጂኦግራፊ ስህተት ማረም ነው ብሎን ቁጭ አለ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ሶስት ነገር ነው፤ ሙቀቱ አያሰራም፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላለች፣ ታሪኳም ቢሆን ከአንድ ሱልጣን ግቢ አያልፍም። አወያዩ አንዴም ሳይሞግተው አመስግኖት ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀውም።

ከሙቀቱ ልጀምር፣ ከሶስቱ ይቺ በጣም ስለምታስቅ። ጌታው፣ መቀመጫው ከአሳይታ ተነስቶ የሄደው እኮ ደብረ ብርሃን አይደለም፣ ሰመራ ነው! አሳይታ ከባህር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሰመራ ደግሞ 430 አካባቢ። ልዩነቱ 130 ሜትር ነው፣ እና ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል ተብለን የተማርነውን ይዛችሁ ካሰላችሁት አንድ ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ለአንድ ዲግሪ ብሎ ዋና ከተማ ማዞር የትኛው ፋካልቲ ነው የሚያስተምረው? ሁለቱም ጋ ሰኔ ላይ ቀኑ 40ን አልፎ ነው የሚውለው፣ ሁለቱም ጋ ሰው ማታ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እንደውም አሳይታ ከስሯ ወንዝ አላት፣ ዘንባባ አላት፣ ጥላ አላት። ሰመራ ግን የተቀመጠችው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ላይ ነው፣ ያ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋዋል። ይሄን ሰመራ አንድ ሌሊት ያደረ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ኤክስፐርቱ ግን የቢሮ ኤሲ ውስጥ ሆኖ ነው መሰለኝ የለካው።

እሺ ሙቀቱ ይቅር። ዋናው ነገር ውሃው ነው፣ እና ስለ አሳይታ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወራ አዋሽ የሚለው ቃል አንዴም ሳይነሳ ማለፉ ነው እኔን ያበሸቀኝ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባህር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ነው፣ ይሄን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይነግራችኋል። ተማሪው የማይነግራችሁ የሚቀረው የት እንደሆነና ሲቀር ምን ትቶ እንደሚቀር ነው። ከደጋው ጠርጎ ያመጣውን አፈር በሙሉ ይዞ አሳይታ ያለችበት አውሳ የሚባለው አገር ይገባል፣ እዚያ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ጉልበቱ ያልቅበታል፣ ይተኛል፣ ይበታተናል፣ ደለሉን ያራግፋል፣ ከዚያ ጋመሪ፣ አፋምቦ እያለ ከሐይቅ ሐይቅ ሲንጠባጠብ ሄዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ማለትም ዙሪያውን ጨውና የተቃጠለ ድንጋይ በሆነበት ምድር መሀል ላይ ከሸዋ ደጋ የመጣ አፈርና ውሃ ያለበት አንድ አረንጓዴ መሬት አለ፣ አሳይታ ያለችው ደግሞ እዚያው አፋፍ ላይ ናት፤ ከከተማዋ ጫፍ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ወንዙ ሲጠማዘዝ፣ ማሳው፣ ግመሎቹ ውሃ ሲጠጡ ይታያችኋል፣ ዞር ስትሉ ደግሞ ከጀርባችሁ በረሃው ይጀምራል። እንግዲህ ይሄ ነው ያለ ቦታ የተባለው። ሰውዬው ለበረሃ ከተማ ከዚህ የተሻለ ቦታ ካወቀ ይጠቁመን፣ አድራሻውን እንውሰድ።

ደግሞ ይሄን ቦታ ሰው ሁሉ ሲጣላበት ነው የኖረው። ማንም የማይረባ ቦታ ላይ አይጣላም! እ.ኤ.አ በ1577 የሐረሩ ኢማም መሐመድ ጋሳ መንበሩን ነቅሎ የወሰደው ወደ አውሳ ነው፤ ያን ጊዜ አስፋልት የለ፣ ዲፖ የለ፣ ነዳጅ ማደያ የለ፣ ውሃና ሳር ፍለጋ ካልሆነ ሐረርን የሚያህል ከተማ የለመደ ሰው ምን ሊሰራ ይሄዳል? ከዚያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሙዳይቶ የሚባሉት የአፋር ገዢዎች ስልጣኑን ያዙትና እስከ ትናንት ድረስ የአፋር ፖለቲካ ማዕከል አውሳ ሆኖ ቀረ። ታሪኳ ከአንድ ሱልጣን ግቢ አያልፍም የተባለው እንግዲህ አራት መቶ ምናምን አመት ነው፣ ቁጥሩን ቀንሶ ለሚያወራ ሰው ምን ይባላል።

ጉንደት ላይ ግብፆች ምን እንደደረሰባቸው ሁሉም ይናገራል፣ ደስ ይላል። በዚያው ሰሞን፣ ህዳር 1875 እ.ኤ.አ፣ ሌላ የግብፅ ጦር በሌላ በኩል ገብቶ ነበር፤ የግብፁ ገዢ የኬዲቩ ሹም የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ከታጁራ ተነስቶ በአውሳ አድርጎ ወደ ሸዋ ሊያልፍ ነበር ሀሳቡ። አላለፈም። አውሳ ላይ በሌሊት ተመቶ ከነ አብዛኛው ሰራዊቱ እዚያው ቀረ፣ የዘመኑ ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ነበሩ። እና ለምን ተቻለ ብላችሁ ብትጠይቁ ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ጂኦግራፊው ነው መልሱ። ወደ አውሳ የሚመጣ ጦር በየትም በኩል ይምጣ በረሃውን አቋርጦ፣ ተጠምቶ፣ ከብቱ አልቆ ነው የሚደርሰው፣ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ግን ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ጥላ ስር አርፎ ነው የሚጠብቀው። ኤክስፐርቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላለች ብሎ እንደ ነውር ያነሳው ነገር ለስንት ዘመን አጥሯ ሆኖ ነው የኖረው።

ከዚያ በኋላ እንኳን አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ በ1934 አዋሽ የት እንደሚደርስ ሊያይ ሲሄድ ሱልጣን መሐመድ ያዮን ሳያስፈቅድ አውሳን ማለፍ አልቻለም፤ ሱልጣኑም የተቀበሉት ጫካ ውስጥ ነው። ጫካ! በረሃ መሀል! በኋላ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ መጡ፣ በእሳቸው ዘመን ያ ደለል ጥጥ አበቀለ፣ የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቼል ኮትስ ተንዳሆ ላይ እርሻ ከፈተ፣ አፋሮቹም በራሳቸው ጥጥ ማምረት ጀመሩ፣ መሬቱ ወርቅ ሆነ። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬትን አዋጅ አውጥቶ ሲወርስ አውሳ ላይ የተነሳው ግጭት ለምን እንደዚያ የከፋ ይመስላችኋል? በዚያው አመት ሱልጣኑ በጅቡቲ በኩል ወጥተው እስከ 1983 ድረስ በስደት የኖሩት በዚህ መሬት የተነሳ ነው። ኢማሙ፣ ግብፁ፣ እንግሊዙ፣ ንጉሱ፣ ደርጉ ሁሉም ይቺን መሬት ፈልገዋት ኖረው በ2010ዎቹ ስላይድ ይዞ የመጣ ሰው ስህተት ናት ሲል ቢያንስ ትንሽ ማፈር ነበረበት።

አሁን መንገዱን እንይ። ሰመራ መንገድ ላይ ናት፣ እውነት ነው፣ የሎጊያ ጎረቤት ናት፣ መኪናው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው፣ ቢሮ ለሚያስተዳድር ሰው ይመቻል። ይመቻል ቢለኝ ዝም እል ነበር። እሱ ግን ጂኦግራፊ ነው አለ። መንገድ ጂኦግራፊ አይደለም ጌታው፣ መንገድ ውሳኔ ነው፣ ውሳኔ ደግሞ ይሻራል። ያ መንገድ የተሰራው ለአሰብ ነበር። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ በአንድ ጀንበር ተዘጋ፣ የጭነት መኪናው በሙሉ በድንበሯ ከተማ በጋላፊ በኩል ዞሮ ጅቡቲ ገባ፣ በአሰብ አቅጣጫ ከሚያልፈው መኪና ይኖሩ የነበሩት የመንገድ ዳር ሰፈሮች የት እንደደረሱ ያየ አይቷል። በ2009 ደግሞ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ፣ እሱም በድሬዳዋ ነው የሚያልፈው። ሰርዶን ደግሞ አትርሱ፣ ከሰመራ ወደ ምስራቅ በዚያው መንገድ ላይ ያለችውን፤ መጋቢት 1961 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሷታል። መንገድ ላይ መሆኗ ምን አተረፈላት? አፋር ውስጥ መሬቱ ራሱ እየተሰነጠቀ ነው፣ በ1998 መጀመሪያ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከፍቷል። እንደዚህ አይነት አገር ላይ ቁጭ ብሎ አስፋልትን እንደ ዘላለማዊ ነገር መቁጠር ጉድጓዱን ትቶ ባልዲውን መውረስ ነው።

ጎርፉን ታነሳላችሁ፣ አውቃለሁ። አዎ፣ ነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ አሳይታና ዱብቲ ዙሪያ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል፣ እሱን አልክድም። ግን ጎርፍ አለና ከወንዝ እንራቅ የሚል ሀሳብ አውሳ ላይ አይሰራም፣ ያ ደለል የመጣው በጎርፍ ነው፣ ሳሩም በጎርፍ ነው የሚበቅለው፣ ሰው መቼ እንደሚመጣ እያወቀ ወደ ከፍታው እየወጣ ሲወርድ ኖሯል። የከፋው ከላይ በግድብ ተይዞ ቆይቶ ሳይታሰብ ሲለቀቅ ነው ይላሉ የዚያ አገር ሰዎች፣ እኔም አምናቸዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሰመራ ያለው ኤርፖርት በማን ስም ነው የተሰየመው? በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ! አዲሲቷ ከተማ ታሪክ ስትፈልግ ከአሳይታ ነው የተበደረችው፣ ከዚያ ደግሞ አበዳሪዋ ታሪክ የላትም ይባላል። በእውነት ይሄን ያለው ሰው ኤርፖርቱ ላይ ወርዶ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አላነበበም ማለት ነው።

አሳይታ ዛሬ ጥሩ ላይ ናት እያልኩ አይደለም። መስሪያ ቤቱ ሲሄድ ደሞዝተኛው ሄደ፣ ደሞዝተኛው ሲሄድ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ቤት አከራዩ ደከመ። በገበያ ቀን ግን ሂዱና እዩ፣ የአፋር ሴቶች የዘንባባ ሰሌን ጠቅልለው ተሸክመው፣ ከአፋምቦ በኩል ግመል እየተነዳ፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ ወተት ሲመጣ፤ ያ ሁሉ ሰው በወረዳ ጽህፈት ቤት ጥሪ አይደለም የሚመጣው፣ ቢሮ ቢኖር ባይኖር ይመጣል።

የምር ስለ ከተማዋ ቦታ የሚጨነቅ ሰው ካለ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይኛው አዋሽ ይመልከት። ቆቃ ግድብ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ አሚባራ፣ ከዚያ ተንዳሆ፤ ሁሉም ከአሳይታ በፊት ነው የሚጠጣው፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው፣ አቤ ሐይቅ ደግሞ የትራፊው ትራፊ ስለሆነ ከድሮ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል፣ የቀረው ጨው ነው። ይሄንን ውሃ እያካፈለ ያለው ፕላን አውጪ እንጂ በረሃው አይደለም። እስኪ ያንን ኤክስፐርት መልሰው ይጥሩትና አወያዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅልን፤ በግንቦት፣ በዚያ ንዳድ፣ ከተንዳሆ በታች ላለው አርሶ አደርና አርብቶ አደር ስንት ውሃ ነው የሚለቀቀው፣ መጠኑንስ የሚወስነው ማነው? ስላይዱ ላይ ይሄ ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ማስታወቂያውንም ጭምር።