እርማት፦ ባርነት በኒውዮርክም ነበር

«ባርነት የአሜሪካ ደቡብ ጉዳይ ነው፤ የኒውዮርክ ጥቁሮች ታሪክ የሚጀምረው ከደቡብ ተሰደው ከመጡት ነው» ላሉት፦ ብዙ ሰው የሚያወራው ነው፣ ግን ስህተት ነው። ኒውዮርክ ባርነትን ጨርሳ የሻረችው በ1827 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1991 ታችኛው ማንሃተን ላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መሠረት ሲቆፈር የ419 ሰዎች አፅም ወጣ፤ ከእነሱም ውስጥ ብዙ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። አንዲት ሴት ወገቧ ላይ ከ100 በላይ ጨሌ ታጥቃ ነው የተቀበረችው፤ ጥርሶቿም የተሞረዱ ነበሩ። ቦታው የተደበቀ አልነበረም፤ በ1755 ካርታ ላይ የጥቁሮች መቀበሪያ ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ፣ በኋላ የተሠሩት ሕንፃዎች ምድር ቤት ጠራርጎ አጥፍቶታል ተብሎ መገመቱ ነው። መሬቱ ግን ረባዳ ስለነበር በየጊዜው የተደፋበት አፈር፣ አንዳንድ ቦታ 7 ሜትር ገደማ፣ መቃብሮቹን ሸፍኖ አቆይቷቸዋል። አፅሞቹ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠንተው በ2003 እዚያው ተመልሰው ተቀበሩ።

በኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለ ሌላ ከተማ ባርነት እንደነበረበት የሚፈትሹ ከሆነ ከ1790ው የሕዝብ ቆጠራ ይጀምሩ። ባሪያዎች በቁጥር ብቻ፣ በአባወራው ስም ሥር ስለሰፈሩ በስም የፈለገ ሰው «እዚህ አልነበሩም» ብሎ ይመለሳል። የልጆቹን ስም የከተማው ጸሐፊ መዝገብ ውስጥ ይፈልጉ፤ የ1799 ሕግ ባለቤቱ የባሪያውን ልጅ በተወለደ በ9 ወር ውስጥ እንዲያስመዘግብ ያስገድድ ነበርና። ልጁ ነጻ ነው ይባል እንጂ (ነጻነት ከተባለ!) ወንዱ እስከ 28፣ ሴቷ እስከ 25 ዓመታቸው ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር።