ምርቃት በኮታ

ደሴ ላይ «ጨዋታ እየጻፍኩ ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ሰው ወይ ይጫወታል ወይ ይጽፋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ልጅ ከቤት ከተገኘ እናት ጠበል ታስባለች፣ ጎረቤት ደግሞ «እኛም ዱዓ እናስደርግለት» ይላል። ወሎ ነውና ሁለቱም ይደረጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ አለ፤ ታዋቂው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። አንዱ ያወጋል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ጎራዴኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። ተረት ተረት በሉት፤ ልዩነቱ ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ዝም ከማለት ይልቅ «ቆይ፣ እኔ ከጅቡ አልሸሽም፣ አናግረዋለሁ» ማለት መቻላቸው ነው። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ጨዋታ ለገበያ ያወጡት በኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። በወሩ፣ የካቲት ላይ፣ እዚህ አብዮት ፈነዳ። ወሬው ደሴ ሳይደርስ ቢቀር አይፈረድም።

ሆምብሩ የሚሉት ደግሞ ኩባንያው ያላሰበውን ጭራቅ፣ አስማት፣ አገር ራስህ ፈጥረህ መጨመር ነው። ከፈለግህ ፒዲኤፍ አድርገህ ትሸጠዋለህ። ሕጋዊ ነው ወይ ለምትሉኝ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ክፍት ፈቃድ ወጥቶ ሰው ሁሉ በዚያ ሲጽፍ ኖረ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ፈቃዱን ሊያጠብቅ እንዳሰበ ሾልኮ ወጣና ዓለም ተንጫጫ። ወር ሳይሞላ ኩባንያው አፈገፈገ። መሠረታዊ ሕጎቹንም በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቃቸው፤ ምንጩን ጥቀስ እንጂ ብትቀዳው፣ ብትለውጠው፣ ሸጠህ ብትበላው የሚጠይቅህ የለም። ሽማግሌ ሳይላክ እንዲህ በቶሎ ያለቀ ጠብ ሌላ አላውቅም።

ፈቃዱ ካለ ምን ቸገረኝ ብዬ የወሎን ጨዋታ መጻፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ አጀማመሩ ነው። በፈረንጆቹ መጽሐፍ ጀብደኞቹ ሁልጊዜ የሚተዋወቁት መጠጥ ቤት ነው። ከኔ ተጫዋቾች ግማሹ ጠጅ ቤት አይገባም። የቀረው ግማሽ ደግሞ ቢገባም «ማን አየኝ» እያለ ዙሪያውን ሲቃኝ ጨዋታው አይጀመርም። ስለዚህ የኔ ጀብዱዎች በሙሉ ለቅሶ ቤት ነው የሚጀምሩት። እስቲ አስቡት። ማንም ይመጣል፣ «አንተ ማነህ» የሚለው የለም፣ ይበላል፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ይቀመጣል፣ የአገሩን ወሬ በሙሉ ይሰማል። ተልዕኮ ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? ደረጃቸው ከፍ ሲል ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍ፣ ይጋበዛሉ።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። በጨዋታው ሕግ መሠረት አንድ መንገደኛ በደህና ርምጃ በቀን 24 ማይል ይሄዳል፤ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከደሴ ተነስቶ ሐይቅ ሲደርስ ገና ፀሐይ አለች። ሕጉን የጻፈው ሰው ግን በየደጁ «ውይ፣ ቡና ሳትጠጡ?» የሚል ሰው እንዳለ አያውቅም። እምቢ ማለት አይቻልም። ደግነቱ መጽሐፉ ውስጥ «አጭር ዕረፍት» የሚባል አለ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ፣ በልተህ ጠጥተህ፣ ቁስልህን አስረህ ጉልበትህ የሚመለስበት። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ተረጎምኩት። በረካ ሳይጠጣ የተነሳ ጉልበቱ አይመለስለትም። ይሄኛውን ሕግ አንድም ሰው አልተከራከረኝም።

አዝማሪውም ቆንጆ ወጥቶልኛል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልኩራ። አስማቱ አራት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ትዝታን ሲመታ ጠላት አገሩ፣ እናቱ፣ ያኔ የተዋት ልጅ ትዝ ይሉትና መሣሪያውን ጥሎ ይቀመጣል። ሀብቱም የፈረንጅ ወርቅ አይደለም፤ የደላንታ ኦፓል ነው። (የደላንታ ዘመድ ያለው ተጫዋች ዋጋውን አስተካክሎልኛል። ወደ ላይ።)

ዳይስ? ደሴ ገበያ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ጠይቁና የባለሱቁን ፊት እዩ። እኛ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቆርኪዎች በሹራብ ቆብ ውስጥ እናስቀምጥና እያወጣን እንመልሳለን። የሚያፍር ካለ አይፈር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ዳይስ ሲጠፋ ኩባንያው ራሱ በሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመበት ቁራጭ ወረቀት ከትቶ ሸጧል። ቆርኪ ከወረቀት ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ጨዋታው። ቦታው ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ። ጉም ወርዷል። የሽፍታ አለቃ መንገድ ዘግቷል። አለቃው በመጽሐፉ 65 የሕይወት ነጥብ አለው (በተመታ ቁጥር ይቀነሳል፣ ሲያልቅ ይወድቃል)፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ተከታዮችም አሉት። እኔ ውጊያውን ሳዘጋጅ ነው የሰነበትኩት፤ ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ማን ከየት እንደሚተኩስ። ቆቡን አነሳሁና «ምን ታደርጋላችሁ?» አልኩ።

የአክስቴ ልጅ ሲኒውን አስቀመጠና «የማን ልጅ ነው?» አለ።

«ማን?»

«ሽፍታው።»

አላሰብኩበትም። ግን አውጊ ነኝ፣ መመለስ አለብኝ። «በአባቱ ቃሉ ነው፣ በእናቱ ወረሂመኖ» አልኩ።

አበቃ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የወረሂመኖ ዘር ይዟል። አያት ተቆጠረ፣ ቅድመ አያት ተቆጠረ፣ ከሰባት ቤት በታች ሆኖ ተገኘ። በዘመድ ላይ ጎራዴ አይመዘዝም። ሽማግሌ ተላከ። ሽፍታው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ እንደ ደንቡ። በሁለተኛው ለዘበ። በሦስተኛው በግ ታረደ። ከ65ቱ ነጥብ አንዷ ሳትነካ ሽፍታው ወደ ቤቱ ገባ፤ ከተከታዮቹም ላገባ የሚል ተገኝቶ የሠርጉን ወጪ ለማስላት ቆርኪ ስናወጣ መሸ። ጭራቅና ሽፍታ ሲገደል ለተጫዋቾቹ የሚሰጥ፣ ደረጃቸውን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ነጥብ አለ፤ ለዚህኛው 450 ነው። ገደላችሁት አይባል፣ አላሸነፋችሁትም አይባል። ሙሉውን ሰጠኋቸው። ያን ሁሉ የለፋሁበት የውጊያ ምዕራፍ ግን እስካሁን ሳይነካ ተቀምጧል።

ከዚህ የባሰው ምርቃቱ ነው። ሕጉ ላይ አንዳንዴ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥለህ የተሻለውን የምትወስድበት ዕድል አለ። እኔ «ሽማግሌ የመረቀው ሰው ሁለት ቆርኪ አውጥቶ ትልቁን ይይዛል» ብዬ ጻፍኩ። ቀላል ነገር ይመስላል። 20 የማውጣት ዕድልህ ግን ከመቶ 5 ወደ 9.75 ይዘላል፤ በአማካይ የሚወጣልህ ቁጥርም ከ10.5 ወደ 13.8 ይወጣል። ታዲያ ስንጫወት አያቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ተጫዋቾቹ ተራቸው በደረሰ ቁጥር እየተነሱ ጉልበቷን መሳም ጀመሩ። እሷ ደግሞ መች ትሰስታለች፤ «እደጉ፣ ተመንደጉ፣ እሾህ አይውጋችሁ፣ እንቅፋት አይምታችሁ»። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሚን!» ሁለት ቆርኪ። ለበር መክፈቻ ምርቃት፣ ለዛፍ መውጫ ምርቃት፣ ሌባው እንኳ ሊሰርቅ ሲል ተመርቆ ነው የሚሄደው። የሚሳሳት ሰው ጠፋ።

እኔም «ለአንድ ሰው በቀን አንድ ምርቃት ብቻ» ብዬ አስተካከልኩ። ይህን ስትሰማ እንዝርቷን አቆመች።

«ምርቃት በኮታ?»

«አይ እማ፣ ለጨዋታው ሚዛን ነው።»

«ስኳር አደረግኸው?»

ሕጉ ተሰርዟል። አሁን ሁሉም ተመራቂ ነው። ጭራቆቹን ነው ያጠነከርኳቸው።

የጨዋታ ጸሐፊ የሚያስፈልገው ሥራውን የሚሰብርለት ሰው ነው። ሌላ አገር ረቂቁን ለማያውቁት ሰዎች ይሰጡና «ገጽ 12 አይሠራም፣ ይሄ አስማት ከልክ በላይ ነው» ይባላሉ። እኔም ረቂቁን በቴሌግራም በተንኩ። «ማሻአላህ፣ በርታ!» አለ አንዱ። «እግዜር ይጨምርልህ» አለ ሌላው። ሦስተኛው «ሙሉውን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ወንድሜ» ሲለኝ የላክሁለት ፋይል ገና እየተጫነ ነበር። ወሎዬ ፊት ለፊት አይነቅፍህም። እንጀራህ ጨው በዝቶበት እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን በፍቅር የሚታረም መጽሐፍ የለም።

እውነቱን የማገኘው በዙሪያ ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ «ዘንዶው ልፍስፍስ ነው አሉ» ትለኛለች። ማን አለ? ባለሱቋ። ለሷስ ማን ነገራት? የአክስቴ ልጅ፣ ያው «አሪፍ ነው» ያለኝ። ስለ ጨዋታ ሚዛን የተነገረኝ ትክክለኛ ሐሳብ በሙሉ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ሐሜት እንደ ደሴ የተደራጀበት ቦታ የለም፤ ገጽና አንቀጽ ሳይቀር ይደርስሃል። ስለዚህ አሁን ረቂቅ ስጨርስ አስተያየት አልጠይቅም። በትኜ እናቴን ገበያ እልካለሁ።

ለሽፋኑ የሱቅ ማስታወቂያ የሚሥል ሰው ጋ ሄድኩ። ዘንዶ ሣልልኝ አልኩት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ጨምሮ አመጣልኝ። ዘንዶ ብቻውን ሥሎ አያውቅም። «ፈረሰኛውን አውጣው» ስለው «እኔ አላወጣም፣ አንተ ከደፈርክ አውጣ» አለኝ። ሽፋኔ ላይ አሁን ተራራ ነው ያለው።

መሸጡ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ስለሌለ። አንዱ የመሸጫ ገጽ ከገቢው ግማሹን ለጸሐፊው ይሰጣል፤ ሌላው ለገጹ የሚቀረውን ድርሻ ራስህ እስከ ዜሮ ድረስ እንድትወስን ይፈቅዳል። «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» የሚል ምርጫም አለ፣ እሱን መረጥኩ። ዕቃ ተሸካሚ «የፈለግከውን ስጠኝ» ሲልህ ታፍርና ከልክ በላይ ትሰጣለህ። ኢንተርኔት ላይ ግን የሚያሳፍርህ ዓይን የለም። ዜሮ ጽፈው ያወርዱታል። ኢንተርኔቱ ያልፈጸመውን ደግሞ አጎቴ ፈጸመው። «ለመሥሪያ ቤታችን ሰው ሁሉ በነጻ አዳረስኩልህ፣ ስምህ ይታወቅ ብዬ» አለኝ በኩራት። ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ይሉኝታ እኔንም ይዞኛል።

ከዚያ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ረጅም መልእክት መጣ። ሰላምታ እንኳ የለውም። ኮምቦልቻን «ቆላ» ብለሃታል፣ ወይና ደጋ ነች፣ ካርታ ተመልከት። ኤርፖርቱ እኛ ጋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እኛ ጋ፣ አንተ ግማሽ ገጽ ነው የሰጠኸን፤ ደሴ ከጉም ሌላ ምን ኖሯት ነው ያን ሁሉ ገጽ የወሰደችው? ዘንዶህ ደግሞ በሁለት ደህና ተዋጊዎች ፊት ሦስት ዙር አይቆይም፣ አስልቼዋለሁ። ስሌቱንም አያይዟል። ትክክል ነው። አንብቤ ስጨርስ ላቅፈው ነበር የፈለግሁት።

ፈልጌ አገኘሁትና ከተጫዋቾቼ ቀላቀልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን አሥራ ምናምን ስህተት ዘርዝሮ አስቀመጠኝ፤ ሌሎቹ ስለኔ አፈሩልኝ። ችግሩ አያቴ ናት። የማን ልጅ እንደሆነ አጣራች፣ አጠገቧ አስቀመጠችው፣ እስከ በረካ ድረስ አጠጣችው፣ ሲወጣ መረቀችው። ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ዘንዶ አሳይቼው አስተያየት ስጠይቀው ወደሷ አየት አደረገና «አሪፍ ነው» አለኝ።