ሲስኮና ሚክሮቲክ ጎን ለጎን ሲቆሙ

ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ ሁለት ራውተር ስለማቆም የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን «ሁለት ራውተር ያለው ኤችኤስአርፒ ይክፈት» የሚለው ምክር አንድ ነገር ዘሏል። ኤችኤስአርፒ (አንዱ ራውተር ሲወድቅ ሌላው ቦታውን እንዲይዝ የሚያደርግ ፕሮቶኮል) የሲስኮ የግሉ ነው። አንዱ ሲስኮ፣ ሌላው ሚክሮቲክ ከሆነ የሚያግባባቸው ያንኑ ሥራ የሚሠራውና ለሌሎች አምራቾችም ክፍት የሆነው ቪአርአርፒ ነው።

እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይሠራም። የቆየ የሲስኮ አይኦኤስ (የራውተሩ ሥርዓተ ክወና) ሌላ ካላዘዛችሁት በቪአርአርፒ ስሪት 2 ይነሳል፤ ሚክሮቲክ ደግሞ በስሪት 3። አንዱ የሌላውን መልእክት ይጥላል። ከዚያ ሁለቱም «ማስተር (ትራፊኩን የሚያሳልፈው ራውተር) እኔ ነኝ» ብለው ቁጭ! ቨርቹዋል ማክ አድራሻቸው (በጋራ የሚጠቀሙበት መለያ) አንድ ስለሆነ ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚገናኙበት መሣሪያ) ከፖርት ፖርት ሲያመላልሰው ይውላል። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ሰዉም መስመር አቅራቢውን ይራገማል። ፋየርዎሉ ፕሮቶኮል 112ን (የቪአርአርፒን መልእክት) ወደ 224.0.0.18 (ወደ ጋራ መቀበያ አድራሻው) ካላሳለፈም ውጤቱ ያው ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቪአርአርፒ በራሱ የሚያየው የውስጡን ኔትወርክ ብቻ መሆኑ ነው። የውጪው ፋይበር ቢበጠስ ማስተሩ ንቅንቅ አይልም። ሲስኮ ላይ ትራኪንግ (የውጪውን መስመር መከታተያ) አስገብታችሁ መስመሩ ሲበጠስ ፕራዮሪቲው (ማስተር የመሆን ቅድሚያው) እንዲወርድ አድርጉ፤ ሚክሮቲክ ላይ በኔትዎች (አንድ አድራሻ መልስ መስጠቱን በሚፈትሽ መሣሪያ) ለዚሁ ትንሽ ስክሪፕት ይጻፋል። ስትሞክሩትም የውጪውን ኬብል ንቀሉ። ራውተሩን ማጥፋት ብቻ ይህን ችግር አያሳያችሁም።