መጠጥ ተወና ቡና አሰከረው

መጠጥ ለሚተው ሰው ተስፋ የሚሰጥ አይጠፋም። ጉበትህ ያገግማል፣ ፊትህ ይጠራል፣ ኪስህ ይሞላል፣ ጠዋት ሰው መስለህ ትነሳለህ ይሉታል። አንድ ነገር ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ዕድሜ ልኩን ምንም ብሎት የማያውቀው ቡና፣ መጠጡ በወጣ በሳምንቱ ጠባዩን ይቀይርበታል።

አንድ ወዳጅ አለኝ። በጠጪነቱ ዘመን «እኔን ቡና አይነካኝም» እያለ ይኩራራ ነበር። ከእራት በኋላ ወፍራም ቡና ግጥም አድርጎ፣ ገና ጋደም ከማለቱ ማንኮራፋት ይጀምራል። እኛም እናደንቀው ነበር፤ የሚደነቅበት ነገር ያጣ ሰው እንቅልፉም ይደነቅለታል። ለካ ቡናው ሥራ አልፈታም ኖሯል። እሱ ወደ ላይ ሲስበው ከኋላ የሚከተሉት ቢራዎች ወደ ታች ይጎትቱታል፣ ወዳጄ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ «ጤነኛ ነኝ» ይላል።

ከዚያ ቢራው ቀረ።

ያቆመ ሰሞን ጓደኞቹ ከበው መረመሩት። «ሐኪም ከለከለህ?» አይ። «ሚስትህ ናት?» አይ። «ታዲያ ምን ነካህ?» ሰው በገዛ ፈቃዱ መጠጥ ይተዋል ብሎ የሚያምን አንድም አልተገኘም። ለሚጠጣ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ለሚተው ግን ቃለ ጉባኤ ሊያዝለት ምንም አይቀረው። በመጨረሻ አንዱ በታላቅ ልግስና «በቃ ተዉት፣ ቡና ይምጣለት» አለና ጉዳዩ ተዘጋ።

ቡና ይምጣለት! እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። እነሱ አንድ ዙር ባዘዙ ቁጥር እሱም አንድ ቡና ያዛል፤ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ መቀመጥ ያሳፍራላ። በስተመጨረሻ ስካሩ ጠናና መኪና የሚይዝ ሲጠፋ «ጤነኛው ያድርሰን» ተባለ። አንድ በአንድ ከየበራቸው አደረሳቸው። እነሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። እሱ፣ ጤነኛው፣ ጣራ ጣራ ሲያይ ነጋ።

እንቅልፉ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጭንቀቱ ነው ጉዱ። አንድ ማታ አራት ሰዓት ገደማ አለቃው «ነገ ስትገባ ቢሮዬ ብቅ በል» ብሎ ጻፈለት። ይኸው ነው። ድሮ ቢሆን «እሺ» ብሎ ይተኛል፣ እንዲያውም ጠዋት መልእክት መምጣቱም ትዝ አይለውም። አሁን ግን ያቺን መልእክት እየደጋገመ ያነባት ጀመር። ሰላምታው ለምን ቀረ? ነገ ማለት ጠዋት ነው ከሰዓት? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ተባረረ። ሰባት ሰዓት ላይ የቤት ኪራይ መክፈል አቃተው። ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቡ ድው ድው ሲልበት ግራ ክንዱን እያሻሸ በስልኩ ስለ ልብ ሕመም ማንበብ ጀመረ፤ በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አንብቦ የተረጋጋ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ጠዋት ዓይኑ ደም መስሎ ቢሮ ሲገባ፣ አለቃው የጠራው የተሰበረ የስልክ ስክሪን የት እንደሚጠገን ሊጠይቀው ነው። እፎይ ብሎ ወጣ። እፎይታውን በምን ቢያከብረው ጥሩ ነው? በቡና።

የሚገርመው ድሮም ይጨነቅ ነበር። ያኔ ግን ጭንቀቱ ሰበብ ነበረው። ጠዋት እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ሆዱ ባር ባር ቢል፣ «ትናንት አበዛሁት» ይላል፣ አለቀ። አሁን የሚወነጅለው ትናንት የለውም። ስለዚህ ሥራውን ይጠረጥራል፣ ትዳሩን ይጠረጥራል፣ ልቡን ይጠረጥራል። እጁ ላይ ያለውን ሲኒ ብቻ አይጠረጥርም።

ነገሩን ሳይንሱ ሲያስረዳው እንዲህ ነው። ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፣ ሥራውም «ደክሞሃል፣ ተኛ» ማለት ነው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝና መልእክቱን ያስቀረዋል። አልኮል ደግሞ በሌላ በር ይገባል፤ ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ያግዛል፣ ግሉታሜት የሚባለውን አነቃቂ ያፍናል። ይሄ ለዓመታት ሲደጋገም አንጎልም ሞኝ አይደለም፣ ማረጋጋቱን ከውጭ የሚያመጣለት ካገኘ የራሱን ይቀንሳል፣ መቀስቀሻውንም ከፍ ያደርጋል። መጠጡ ድንገት ሲቀር እንግዲህ ፍሬኑ አልቆ ነዳጅ የተረገጠበት መኪና ነው የሚቀረው። እዚያ ላይ ወዳጄ ድርብ ቡና ይጨምርበታል። ይሄ የመረበሽ ስሜት ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የእንቅልፉና የጭንቀቱ ነገር ግን አንዳንዱ ላይ ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል።

(ቀልዱን ላንዴ ላቁመው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ብድግ ብሎ በአንድ ቀን ብቻውን ማቆም የለበትም፣ ከሐኪም ጋር ነው የሚደረገው። ከባድ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መደናገርና የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት። ይሄ ቡና ቀንሱ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የደረት ሕመምም ቢሆን «ቡናው ነው» እየተባለ አይታለፍም።)

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ሲጋራውንም በዚያው ሳምንት ትቶታል። ጀግና ነው! ነገር ግን የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን የሚፈጭበትን ኢንዛይም ያፋጥነዋል፤ ሲጋራው ሲቀር ኢንዛይሙም ይረጋጋል፣ ያው የድሮው ቡና ደም ውስጥ የሚኖረው መጠን እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ማንም ሳይጨምርለት ሲኒው በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል፣ አልኮል ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ስለሚያዘገየው በዚህ በኩል መተዉ ይጠቅመዋል። ወዳጄ ይሄን ስነግረው «ታዲያ ለምንድን ነው ልቤ የሚመታው?» ብሎ ተቆጣኝ። ሲኒዎቹን እንዲቆጥር ነገርኩት። ስምንት ላይ ሲደርስ «ሻይ ይቆጠራል?» አለኝ።

ይቆጠራል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ብዙም አያሰጋም ይባላል፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከዚያ ያነሰ። አንድ መካከለኛ ኩባያ ቡና ወደ 95 ሚሊ ግራም ይይዛል። ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ሰው ከሰው ግን በጣም ይለያያል። ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም በካፌይን የሚመጣ የጭንቀት ሕመምን በስሙ መዝግቦታል። ይሄን ስነግረው ወዳጄ ደስ አለው። ስም ያለው በሽታ ክብር አለው፣ ሥራ ቦታም ይነገራል።

ግን እንዴት ይጠርጥረው? መጠጥ ለሚተው ሰው ዓለም ሁሉ የሚያቀርብለት ቡና ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ስንቱን ከመጠጥ ያላቀቀው ማኅበር፣ ስብሰባው ያለ ቡና አይታሰብም። ማኅበሩን አልወቅስም፣ ቡና ትዳር አይበትንም፣ መኪና ገደል አይከትም። ብቻ ከትልቁ ሱስ የወጣ ሰው ሲቁነጠነጥ ሲያዩት «አይዞህ፣ ይሄን ያዝ» ብለው የሚያቁነጠንጥ ነገር ማስያዝ የሰው ልጅ ደግነት የሚገርም ጎኑ ነው።

በመጨረሻ ወዳጄ አመረረ። በአንድ ጠዋት ቡናውንም እርግፍ አድርጎ ተወ። በነጋታው ራሱን ለሁለት ሊሰነጥቀው ደረሰ። ቡና በድንገት ሲቀር ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከች ይላል፣ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቀንም ይቆያል። ኪኒን ዋጠና በአስማት ተሻለው። ምሽቱን እንደገና እንቅልፍ አጣ። የኪኒኑን ወረቀት ገልጠን ብናይ ምን እናገኛለን? ካፌይን። አንዳንድ የራስ ምታት ኪኒኖች ውስጥ ሆን ተብሎ ይጨመራል። ትቶታል ያልነው ቡና በመድኃኒት ስም ተመልሶ ገብቷል።

ከዚያ መካሪው በዛ። አንዷ «አረንጓዴ ሻይ ጠጣ፣ ያረጋጋል» አለችው፤ እሱም ካፌይን አለው። ሌላው «ጥቁር ቸኮሌት ለጭንቀት ፍቱን ነው» አለው፤ እሱም አለው። ለስላሳ ልጠጣ ቢል ኮላው አለው። ካፌይን የወጣለት ቡና ያዘዘ ቀን አስተናጋጁ ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ «ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ጠየቀው። እሱም ቢሆን ጨርሶ ንጹሕ አይደለም፣ ጥቂት ሚሊ ግራም አይጠፋውም።

ጓደኞቹ ቡና መተዉን ሲሰሙ ግን ነገሩ ከረረ። መጠጡን ሲተው «ይሁን፣ ዕድሜ ነው» ብለው ነበር። ቡናውን ሲተው ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተደበቀ ነገር ካለ ንገረን፣ ወንድሞችህ ነን» አለው። ሰው አንድ ነገር ቢተው ጀግና ነው፣ ሁለት ከተወ ይጠረጠራል። ሲጋራውንም ሦስተኛ ብለው ቢቆጥሩበት፣ ታሟል ተብሎ ገንዘብ ይዋጣለት ነበር መሰለኝ።

አሁን በስንት መከራ በቀስታ ቀንሶ አንድ ሲኒ ላይ ቆሟል፣ እሷንም ከረፋዱ በፊት። የአለቃውን መልእክት ጠዋት ነው የሚያነበው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ያዛጋል፣ እንግዳ ይኑር አይኑር ግድ የለውም፣ ይተኛል። ባለፈው ጠዋት ሲነሳ ስልኩ ላይ ያልተነሳ ጥሪ ተደርድሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተላከ የድምፅ መልእክት ጠበቀው። ያ «የተደበቀ ነገር ካለ ንገረን» ያለው ወንድሙ ነው፣ በሹክሹክታ፦ «ስማ፣ እኔም ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር። ልቤ በጣም ይመታል። እኔ ምልህ፣ ሻይ ይቆጠራል እንዴ?»