በሬውን ማን ይረድ?
አንዲት ክርስቲያንና አንዲት ሙስሊም ሴት የሚፋቀሩበትን ኮሜዲ በተመለከተ ጸሐፊው «የሃይማኖቱ ነገር ማጣፈጫ ብቻ ነው» ያለው አልተዋጠልኝም። እዚሁ ባሕር ዳር አክስቴ ሙስሊም ስታገባ ጭቅጭቁ ሁሉ በሬውን ማን ይረድ የሚለው ላይ ነበር። ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ኩርፊያ! ያስታረቀን የጣና አሳ ነው፤ አሳ መቼም አራጅ አይመረጥለትም። ቀረሶ ጠብሰን አብረን በላን (አምባዛ አልቀረበም፤ ቅርፊት የለውም ብለው የእኛዎቹ አይነኩትም)። ከላይ በአስተያየትህ ስለ እንዲህ ያለ ጋብቻ «ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈረም ነው፣ አለቀ» ላልከው ወንድሜ፦ ሕጉማ የሃይማኖት ልዩነትን አይከለክልም፤ አክስቴም ፈርማለች። አያቴ ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ቤቷ አልረገጠችም። እንደ ኮሜዲው ፍቅረኞች ሁለቱም ሴቶች ሲሆኑማ በእኛ አገር ያ ፊርማም የለም።