ኢሜይል ስጽፍላቸው የሚደውሉልኝ ጋሼ

እናንተዬ፣ ገና ከፍርድ ቤት መውጣቴ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እንዳታርሙኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ቤዝመንታቸውን አከራይተውኝ ዲፖዚቴን፣ ማለት ስገባ ያስያዝኩትን ብር፣ እና የሂተሬን ብር አልመልስ ስላሉኝ የከሰስኳቸው ጋሼ መጡላችሁ። ያውም በሙሉ ሱፍ! ቤዝመንቱ ውኃ ሲያስገባ አንድ ቀን ወርደው ያላዩ ሰውዬ፣ ዛሬ ከረባት አስረው "እንዴት ነሽ የኔ ልጅ" ብለው ጉንጬን ሊስሙኝ! ከሳሽና ተከሳሽ ነን እኮ ጋሼ!

ዳኛዋ ወረቀቴን አገላበጠችና "ይሄ ሁሉ ያንቺ ኢሜይል ነው፤ የሱ መልስ የታለ?" አለችኝ።
ደወሉልኝ፣ አልኳት።
"ለዚህኛውስ?"
ደወሉልኝ።
"ለዚህስ?"
ደ-ወ-ሉ-ል-ኝ!

ሰውዬው በጽሑፍ መልሰው አያውቁም! ኢሜይሉ በሄደ በደቂቃ ስልኬ ይጮኻል፦ "ምነው የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ደብዳቤን ምን አመጣው?" ሂተሩን ግዢ፣ ከኪራዩ ላይ እቀንስልሻለሁ ያሉት በስልክ። ዲፖዚትሽ የትም አይሄድም ያሉት ደጅ ላይ ቆመው። በጽሑፍ ያለኝ የላኩልኝ አንድ ቢጫ የአውራ ጣት ኢሞጂ ብቻ ነው። እሱንም ዳኛዋ "አይቼዋለሁ ማለትም ሊሆን ይችላል" አለችልኝ።

ጋሼ ደግሞ አንገታቸውን ሰበር አድርገው "እንዲህ ማለቴን አላስታውስም።" አላስታውስም! ድሮ ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ያሳፈሩትን ሴናተር ከነጫማው ቀለም የሚተርኩ ሰውዬ!

ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁ፤ ድምፃቸውን ቀድቼዋለሁ፣ ልክፈተው አልኩ። ዳኛዋ እጇን አነሳች። "ሲቀዳ ያውቅ ነበር?" ከዚያማ ተማርኩ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ወገን ሳይስማማ የስልክ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፣ ማስረጃም አይሆንም። ዲሲ ግን የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ድንበር ላይ ያለውን መንገድ፣ ኢስተርን አቬኑን መሻገር እኮ ነው ልዩነቱ! ብሬን የበሉት ጋሼ ተዝናንተው ቁጭ፣ እኔ እንደ ሌባ ስልኬን ወደ ቦርሳዬ።

ምስክርማ ነበረኝ። የምታውቋት ጓደኛችን በስፒከር አብራኝ ሰምታለች። "እኔን ፍርድ ቤት እንዳታስገቢኝ" ብላ ዘጋችው። ለልጇ ክርስትና ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ያደርኩት እኔ! ተዉት።

"ሀበሻ ሀበሻን ፈረንጅ ፊት ይከሳል?" ያላችሁኝ ሽማግሌዎችም አላችሁ። "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ብላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ አይደላችሁ? ለነገሩ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከ500 ብር በላይ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፣ ጽሑፍ አምጣ፣ አለዚያም ሰውየው ይመን ወይም ይማል ይላል። ያኔም አንተማመንም ነበር ማለት ነው።

ዲፖዚቱን በዜል፣ በባንኩ የገንዘብ መላኪያ፣ ስለከፈልኩ ማስረጃ ነበረኝና እሱ ተረፈ። በ45 ቀን ውስጥ አልመለሱም፣ የጎደለውንም ዘርዝረው አልጻፉም፣ ስለዚህ ይክፈሉ ተባለ። ሕጉ እስከ 3 እጥፍ ይፈቅዳል፣ ዳኛዋ ግን አንዱን ብቻ ፈረደች። የሂተሩ ብር ሄደ። የቃል ስምምነትም ውል ነው አለችኝ በትህትና፣ ግን ያንቺ ቃል በሱ ቃል ላይ ነው፣ አላስረዳሽም።

ደግሞ ፍርድ ቤቱ ብሩን ተቀብሎ አይሰጣችሁም! ካልከፈሉ ባንካቸውን የማሳገድ ጣጣው የኔ ነው፤ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ከሥራ መቅረት። ጋሼ በሩ ላይ ምን አሉኝ? "በሳምንት ውስጥ እሰጥሻለሁ፣ ቃሌ ነው።"

ሥራ አርፍጃለሁ። ማንም እንዳይደውልልኝ፣ የምትሉትን ጻፉልኝ።