የአገጬ እስክስታ

ወሎዬ ሆኖ «እስክስታ አልችልም» ማለት፣ ደሴ ላይ ከባድ ኑዛዜ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የእኛኑ አገር ስም ይዘዋል። እኔ ግን ከአምባሰል የደረሰኝ ገደሉ ብቻ ነው።

ተደብቄ ኖሬያለሁ። ሰርግ ላይ ማጨብጨብ የሚባል መሸሸጊያ አለ፤ ሲብስ ለስላሳ ማደል አለ፤ ሳጥን የተሸከመን ሰው ማንም ጨፍር አይለውም። «ልጄ እኮ ይችላል» የምትል እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ያየችኝ ቤት ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ ነው።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ ሚዜ አደረገኝ። የዘንድሮ ሚዜ ደግሞ ሰልጥኖ ነው የሚገባው። ፒያሳ አካባቢ አዳራሽ ተከራየን፤ አሰልጣኟ የዕድሜዬን ግማሽ የማትሞላ ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ሳምንት ለስህተቴ ሁሉ ጥፋተኛ አላጣሁም፤ ጫማው ያንሸራትታል፣ ስፒከሩ ያንቋርራል፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ትከሻዬን አድርቆታል። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ በስልኳ ቀረጸችኝ።

አየሁት። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ ቀርቷል። የሚጨፍረው አገጬ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ምት አልሳተም።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ትንፋሽ አፍነው ነው።» ትንፋሹን የያዘ ሰው አንገቱና ትከሻው ይገተራል፤ ጭፈራው መውጫ ሲያጣ በአገጭ ይወጣል። እኔ የምሳሳተው አራተኛው ምት ላይ መስሎኝ እሱኑ ስደጋግም፣ ለካ ትንፋሼን የምውጠው ሁለተኛው ላይ ኖሯል። «የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን የሚይዙት ከመታጠፊያው በፊት አይደል?» አለችኝ። ኮምቦልቻ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ገባኝ።

ሙዚቃው ጠፋ። ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፋ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ አስጣብቃ፣ «እስ» ስል እንድተነፍስ፣ «ክስታ» ስል ትከሻዬን እንድጥል አዘዘች። 15 ደቂቃ ሙሉ፣ በኤሊ ፍጥነት፣ «እስ... ክስታ»። የጽዳቷ እናት በሩን ገፋ አድርገው፣ «ዶሮ ገባ እንዴ?» አሉ።

በአራተኛው ሳምንት ትከሻዬ ወረደ፤ አገጬም ዐረፈ።

ሰርጉ ዕለት ሳጥን አልነካሁም። ገባሁበት! ትከሻዬ ሲርገፈገፍ ሚዜዎቹ ራሳቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እናቴ እልልታዋን አቅልጣ መጣች፤ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? አገጭህን ምን ነካው? እሱ እኮ ነበር የሚያምርብህ።»